አሞኛል ብሎ ቢሆንስ

አባባ ከሞተ ወር ሊሞላው ነው፤ ዛሬ ጠዋት ግን በታላቅ ልጁ የስልክ ወሬ ውስጥ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ትንሿ ይህንን የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከታች ስለማይገጥም ኮሪደሩ ላይ የሚወራ ሁሉ እግሯ ሥር ድረስ ይገባል። «አዎ፣ እኔው ራሴ ነኝ የሰማሁት» ትላለች እህቷ፣ «ጥርት አድርጎ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አምኛለሁ አለ። ከዚያ ፈገግ አለ።» ባለፈው ሳምንት ለደንበኞቿ ስትተርክ አባባ ዓይኑን ብቻ ነበር የገለጠው። ከዚያ በፊት ለአክስታቸው ስትነግር ዓይኑም አልተገለጠም፤ በሹክሹክታ ነበር የተናገረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። በዚህ ቤት እያደር የጠራው የሟቹ ምላስ ነው። በሕይወት ሳለ ስትሮክ ጎትቶት «ውሃ» ለማለት እንኳ ሲታገል የኖረ ምላስ፣ ባለቤቱ ከተቀበረ ወዲህ እንደ ዜና አንባቢ ተፍታታ። ትንሿ ተጉመጥምጣ ተፋች፤ ፎጣውን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ግን ቆመች። ብትወጣ ከእህቷ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየታቸው ነው፤ ሁለቱም ደግሞ አባባ ከሞተበት ቀን ወዲህ ይህንን በተቻላቸው መጠን ሲሸሹ ነው የቆዩት።

«ትንሿ» የሚሏት ቤት ውስጥ ነው። አርባን ተሻግራ፣ ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት አብቅላም ስሙ አልለቅም አላት። ታላቋን «እትዬ» ትላታለች። እትዬ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ጣቃውን ስትዘረጋ ደንበኛው የሚያየው ጨርቁን ሳይሆን አፏን ነው። ክፉ ሰው ግን አይደለችም፣ ይህ መነገር አለበት። አባባ አልጋ ላይ ሲውል ሱቋን ለሠራተኛ ትታ መጥታ ወገቡን ደግፋ ስታገላብጠው የከረመች እሷ ናት፤ ከሞተ ወዲህም የራሷን ቤት ትታ እማዬ አጠገብ የምታድረው እሷው ናት። ትንሿ ማድ ቤት ስትገባ እትዬ ሻይ ቀድታ ጠበቀቻት። ስኳር ጨመረችላት፣ አማሰለች፣ ደግሞ አማሰለች። እትዬ የሰው ሻይ ስታማስል ልትጠይቅ ያሰበችው ነገር አለ ማለት ነው።

«ከሰዓት ከአባባ መታሰቢያ አትቀሪም አይደል?»

«እማዬን ይዤ እመጣለሁ።»

«መምጣቱንማ ትመጫለሽ። መድረክ ላይ ወጥተሽ አንድ ቃል እንድትናገሪ ነው የምልሽ። እኔ ብቻዬን ስናገር የነጋዴ አፍ ነው ይሉኛል። አንቺ የፍርድ ቤት ሰው ነሽ፤ ሰማሁ ካልሽ ሰማሽ ነው።»

«እትዬ፣ ግን እኮ የዚያን ቀን...»

«እንዳትጀምሪ።»

«ምኑን?»

«እሱን።»

«እሱ» አንዲት ቃል ናት። ምላሱ ግማሹ የሞተ ሰው «አምኛለሁ» ቢል መጨረሻው ተቆርጦ ይቀራል፤ «አሞኛል» ቢል ደግሞ መሐሉ ተድጦ ይወጣል። ከሁለቱም የሚተርፈው ድምፅ አንድ ነው። አባባ በሞተባት ከሰዓት በኋላ ከአፉ ያወጣው ያንን ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ እህትማማቾች በቀር ሰው አልነበረም። አንደኛው ቃል እማዬ ከሙሽርነቷ ጀምሮ በጉልበቷ የለመነችው ነው። ሌላኛው የታመመ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ትንሿ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። እትዬ ከኋላዋ፣ ከነጋዴ አፍ በማይጠበቅ ቀጭን ድምፅ፣ «እኔ እንዲያ ብሎ ካልሆነ መኖር አልችልም» አለች፤ ትንሿም እንዳልሰማ ሰው ቦርሳዋን ፈለገች።

እማዬ ሳሎኑ ውስጥ ከአባባ አልጋ ትይዩ ተቀምጣለች። ፍራሹ ተነስቶ ሽቦው ብቻ ቀርቷል፤ አልጋውን የሚያወጣም፣ እሱ ላይ የሚቀመጥም የለም። እማዬ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ራሷን ስለማትሰማ ሹክሹክታዋ ሳይቀር ደረጃውን ወርዶ ጎረቤት ይደርሳል፤ «እማዬ ምስጢር ስትነግርሽ መስኮት ዝጊ» የቤቱ የቆየ ቀልድ ነው። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ግን ብዙም አልተናገረችም። ያን ዕለት ልታለቅስ አፏን ስትከፍት እትዬ እጇን ይዛ በጆሮዋ «እማዬ፣ አምኖ ለሄደ ሰው አይለቀስም፤ ደስ ሊልሽ ነው የሚገባ» አለቻት። እማዬ ልጇን ትኩር ብላ አየቻትና ለልቅሶ የከፈተችውን አፍ መልሳ ገጠመችው። እንደገጠመችው ነው። ትንሿ ልትሰናበታት ጎንበስ ስትል «ዛሬ ምን ልልበስ?» አለቻት።

«ሰማያዊውን።»

«እ?»

«ሰማያዊውን!»

«እሱ ሰማያዊውን አይወደውም ነበር» አለች እማዬ፣ እና ወደ ቁም ሣጥኑ ዞረች።

አውቶቡሱ ውስጥ ሽንኩርት እንደገና ስለመጨመሩ ይወራል። አንዲት ሴትዮ እግዚአብሔር ይይላቸው አለች፣ ነጋዴዎቹን ነው መሰል፤ ጎኗ ያለው ሰውዬ እግዚአብሔር ሽንኩርት አይሸጥም አላትና ሁሉም ሳቀ። ትንሿም ሳቀች። አባባ ቢሆን የሚለው ነገር ነው። እሱ የሊፍት ጠጋኝ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ሲመረምር ኖሮ፣ ጸሎት ቤት እንሂድ በተባለ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ገመዱን ያላየሁትን ሊፍት አልሳፈርም።» እማዬም መልስ አታጣም ነበር፤ «እኔ ጠጋኙን ካመንኩ ይበቃኛል» ትለዋለች። በዚህ ይሳሳቁና ነገሩ ለሳምንት ይቀመጣል።

የትንሿ መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የሌላት፣ ግድግዳዋ የረጠበ ክፍል። ሥራዋ በችሎት የተባለውን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ እግር ሥር ፔዳል፤ ፔዳሉን ረገጥ ስታደርጊው ሰውየው ይናገራል፣ ተረከዝሽን ስታሳርፊ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያለውን ሁሉ ይውጠውና እንደገና ይላል። አለቃቸውን «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል፣ የማንንም ጽሑፍ ሲያርም በየሦስት ቃሉ አንድ ነጠላ ሰረዝ ስለሚተክል፤ እየቆየ አነጋገሩም እንደ እርማቱ ሆነ። ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ የሚሰጣት ትምህርት አንዲት ናት። «ጆሮ፣ ሆዳም ነው። የራበውን፣ ይሰማል። ያልጠራችሁን፣ አይሰማም፣ ብላችሁ ጻፉ።» ትንሿ ይህንን በሥራዋ አይታዋለች። ክሱን አንብቦ የገባ ገልባጭ ከደበዘዘ ድምፅ ውስጥ ክሱን ያወጣል፤ የተከሳሹን መልስ አንብቦ የገባ ደግሞ መልሱን ያወጣል። ሁለቱም ይምላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዛሬ የደረሳት የአንድ ሽማግሌ ዘበኛ ምስክርነት ነው፤ ነገሩ የጋራ በር ማን እንደቆለፈ ነው። «ቆለፍኩት» ይላል ወይም «ቆለፈችው» ይላል፣ ልክ እዚያ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ወንበር ይጎትታል። ፔዳሉን መለሰችው። ወንበሩ ተጎተተ። እንደገና መለሰችው። ምነው አባባንም እንዲህ መመለስ ቢቻል፤ ያኔ እንኳ ወንበር የጎተተ አልነበረም፣ ቤቱን የሞላው መዝሙር ነበር።

የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ እማዬ አዙሯት ወደቀች፣ ዓይኗን ሳትከድን ስንት ሌሊት ከርማ። ልጆቿ ደጋግፈው ታች ጎረቤት ዘንድ ሊያስተኟት ሲያወጧት ከራስጌው ያለችውን ቡናማ ጠርሙስ አንስታ ለሁለቱም በየተራ አሳየቻቸው። ስትሮኩ ላይ የተጨመረው ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ከገባ ወዲህ ሐኪሙ ያዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ጠብታ ነው። «ግንባሩን ሲቋጥር ሰዓት አትጠብቁ፤ ከምላሱ ሥር አድርጉለት» አለች፣ በዚያ በጮኸ ድምፅዋ። ሄደች። ብዙም ሳይቆይ አባባ ዓይኑን ገለጠና ያቺን ቃል አወጣ። እትዬ ወደ አፉ ጎንበስ ብላ «ምን አልክ አባባ? አምኛለሁ ነው ያልከው?» አለችው። ደገመው። ግንባሩን ቋጥሮ ነበር። አዎ፣ ቋጥሮ ነበር፤ ግን የሚያምን ሰው ግንባሩን አይቋጥርም ያለው ማነው? እትዬ እሪ ብላ አልጋው ሥር ተንበረከከች፣ መዘመር ጀመረች፤ ትንሿም አጠገቧ ተንበረከከች። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም። አንድ መዝሙር ጨርሰው ሌላ ያዙ፣ እንባቸው ብርድ ልብሱን አራሰው፣ የአባታቸውን አንድ አንድ እግር አቅፈው ዘመሩ። አባባ በመሐሉ አንድ ነገር አለ፤ ከመዝሙሩ አልተለየም። ከዚያ ዝም አለ። እማዬ ተጠርታ ስትመጣ አልቆለት ነበር። ጎረቤት ሁሉ ከሄደ በኋላ ትንሿ ራስጌውን ስታጸዳ ጠርሙሷን አነሳቻት፤ ክዳኗ ከጠዋቱ እንደጠበቀ ነው። እዚያው ቆማ ነው ቃሉ እንደገና በጆሮዋ የመጣባት፤ አሁን ግን ሌላ ቃል ሆኖ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎት እምቢ አላት። ትንበረከካለች፣ ገና አፏን ስትከፍት የዚያች ክፍል መዝሙር ይመጣባታል። ሰው እንዲህ ሲሆን አምላክ የለም ብሎ ይገላገላል ይባላል፤ እሷ ግን አልተገላገለችም። የለም ማለት የምትችለው ለማታውቀው ነው። እሷ ያመነችው በስብከት አይደለም፣ በሬዲዮ ነው። ልጅ ሳለች በአንዲት ክፍል ነበር የሚኖሩት። ማታ ማታ እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ስትንበረከክ አባባ ሬዲዮኑን ዝቅ ያደርግ ነበር። ኳስም ቢሆን፣ ጎል ሊገባም ቢሆን ዝቅ ያደርጋል፤ እሷ አሜን እስክትል ጭጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ትንሿ ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና ይህንን ስታይ በልጅ ልቧ አሰበች፤ አባባ ለማንም ሬዲዮ ዝቅ አያደርግም፣ ለአከራያቸውም ለአጎቶቿም አላደረገም፤ ስለዚህ እማዬ የምታናግረው ሰው አለ ማለት ነው፣ ያውም አባባ የሚያከብረው። ከዚያ በኋላ የሰማችው ስብከት ሁሉ በዚህ ላይ የተደረበ ነው። አሁን ግን ሌላ ሐሳብ ያቃዣት ጀምሯል። ሬዲዮኑ ዝቅ ያለው ሚስቱን ስለሚወድ ብቻ ቢሆንስ? የእሷ እምነት በአንድ ጨዋ ባል ትሕትና ላይ የተሠራ ቤት ቢሆንስ? አንዳንዴ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ «አንተ እንኳ ሰምተሃል፣ የትኛውን እንዳለ ንገረኝ» ትላለች። ብትቆጣም፣ ብታለቅስም፣ መልሳ የምትጠይቀው ያንኑ ዝም ያላትን ነው።

ነጠላ ሰረዝ ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። «ምነው፣ ዛሬ፣ ዘበኛው አልናገር፣ አለሽ?»

ማዳመጫውን አወለቀች። «አለቃ፣ ምስክሩ የሞተ ቢሆንስ? ተመልሶ የማይጠየቅ ቢሆን?»

«ያው፣ አይሰማም፣ ነዋ።» ከዚያ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምትወጂው ሰው፣ ከሆነ ግን፣ ለሌላ ስጪው። አንቺ፣ አትገልብጪው።»

ለማን ትስጠው? ያቺን ቃል የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ገልብጣ፣ አስፍታ፣ አባዝታ እየበተነች ነው።

ቅዳሜ ሥራ እስከ ቀትር ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ እግሯ በራሱ ጊዜ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወሰዳት፤ የአባባን ጠብታ ሲገዙበት የኖሩበት ነው። ባንኮኒው ላይ ያለችው ባለመነጽር ፋርማሲስት አወቀቻት። ትንሿ ጥያቄዋን መንገድ ላይ ስታሰናዳው መጥታ ነበር፤ ስትናገረው ግን ድምፅዋ ከዳት። ያ ጠብታ ከምላስ ሥር ሲደረግ፣ እስኪያስታግስ ስንት ጊዜ ይወስዳል? «ኧረ ቶሎ ነው» አለች ፋርማሲስቷ፣ «ሩብ ሰዓት ግፋ ቢል።» ትንሿ በልቧ መዝሙሮቹን አሰበቻቸው። የመጀመሪያው ብቻ ባለ ብዙ አንቀጽ ነበር። «ልስጥሽ? ዋጋው ግን ጨምሯል» አለቻት ፋርማሲስቷ፣ ወደ መደርደሪያው እየዞረች። አይ፣ አያስፈልገውም አለቻት ትንሿ። «ተሻላቸው? ተመስገን» አለች ሴትዮዋ ፊቷ ፈክቶ፣ የምሯን። ትንሿ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ እንደ ሕፃን ልቅሶ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። ሆድ ይፍጀው ማለት ለካ ቃል ብቻ አይደለም፤ እውነትም ሆድ ይፋጃል።

እማዬ ሰማያዊውን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አልጋው ትይዩ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። በየፎቁ እረፍት ሲያደርጉ እማዬ የልጇን ፊት ታየዋለች። ትንሿ አሁን ልንገራት ትላለች፣ ደግሞ ትተወዋለች። ምን ብላ ትንገራት? ይቺ ሴት አንድ ልመና ይዛ አርጅታለች። ጉልበቷ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ልመና ነው። ባሏ «አምኛለሁ» ብሎ ከሆነ አንድ ቀን ታገኘዋለች፤ ካልሆነ ግን፣ እሷ በምታምነው መንገድ፣ ለዘላለም አጣችው ማለት ነው። ይህንን ከእጇ መንጠቅ የማን ጭካኔ ነው? ደግሞ መድረክ ወጥቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም ሰምቻለሁ ማለትስ? በሥራዋ የዘበኛን ቃል እንኳ ያልጨመረች ሰው ለአምላክ ሲሆን ልትጨምር ነው? የምትለውን ሳታውቅ ጸሎት ቤቱ ደረሱ።

አዳራሹ ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተጣብቀው ተደርድረዋል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። መድረኩ ላይ የአባባ ፎቶግራፍ በአበባ ተከቧል፤ ሲጋራ የያዘበት እጁ ከፎቶው ግርጌ ተቆርጦ ወጥቷል፣ በሕይወቱ አንድ ቀን እግሩ ያልረገጠው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሰውን ሁሉ በዚያ በሚጠራጠር ዓይኑ ያያል። ትንሿን ሲያያት ሳቋ መጣ። ለእናትና ለልጅ ከፊት ወንበር ተይዞላቸው ነበር። መጋቢው ጸለየ፣ ተዘመረ፣ ከዚያም እትዬ ማይኩን ያዘች። ጥቁር ሐር ለብሳለች፤ ፊቷ ገርጥቷል። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሰው «አሜን» ባላት ቁጥር ግን እየጠነከረ ሄደ።

«ምን ትላለች?» አለች እማዬ።

ትንሿ አፏን ወደ እናቷ ጆሮ አስጠጋች። ሥራዋ ነው፣ ትገለብጣለች። «አባባ ለልጆቹ ስንብት ተናገረ ትላለች።»

«ስንብት?»

«ልጆቼ አለን፣ ትላለች። ከዚያ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ ትላለች።»

መድረኩ ላይ እትዬ እጁን እንዴት እንዳነሳ ለማሳየት የራሷን እጅ ወደ ጣሪያው ዘረጋች። አዳራሹ አጨበጨበ። እማዬ የተዘረጋውን እጅ አየችው።

«ቀኙን?»

«ቀኙን።»

«ቀኙማ ሞቶ ነበር» አለች እማዬ። ከኋላ ወንበር ያሉ ሁለት ሴቶች ተያዩ። እማዬ ወደ ልጇ ዞረች፤ ዓይኗ እንደ ጆሮዋ አልደከመም። «አንቺስ? አንቺ ምን ሰማሽ?»

ትንሿ መልስ ከመስጠቷ በፊት የአባቷን ፎቶግራፍ አየች፤ ከዚያ የሚረዳት ነገር አልመጣም። ወደ ሰማይም በልቧ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያም አልመጣም። እንደገና ወደ እናቷ ጆሮ ጎነበሰች። «አምኛለሁ ብሎ ይሆናል፣ እማዬ። አሞኛል ብሎም ይሆናል። አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።» ይህንን ብላ የእናቷን መፍረስ ጠበቀች። የእማዬ ፊት ግን አልፈረሰም። ቃሉን በከንፈሯ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ አንዴ እንዲያ አንዴ እንዲህ አድርጋ ሞከረችው።

«ግንባሩን ቋጥሮ ነበር?»

«ቋጥሮ ነበር።»

«ጠብታውን ሰጣችሁት?»

«አልሰጠነውም።»

«ምን ስታደርጉ?»

«እየዘመርን ነበር።»

መድረኩ ላይ እትዬ ጨርሳ «አሁን ደግሞ ታናሽ እህቴ...» ማለት ጀምራለች፤ ሰውም አንገቱን ወደ ፊት ወንበር አስግጎ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እማዬ ለልጇ በሹክሹክታ ተናገረች። እሷ ሹክሹክታ መስሏታል።

«የነፍሱንማ ነገር ድሮ ነው ለእግዚአብሔር የሰጠሁት። ለእናንተ ሰጥቻችሁ የሄድኩት ጠብታውን ነበር።»

ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የአሮጊት ድምፅ ከፍ ማለቱን እንጂ የተባለውን ያልለየ አንድ ሰው «አሜን!» አለ፤ ለምዶባቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሉት። ትንሿ ፊቷን ይዛ አጎነበሰች። እትዬ መድረኩ ላይ እንደቆመች ቀረች፣ አፏ ተከፍቶ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ማይኩን ከአፏ ማራቅ ስላልታሰባት ልቅሶዋ በየጥጉ ካሉት ድምፅ ማጉያዎች ወጣ፣ ትንፋሿ ሳይቀር። መጋቢው ሮጦ ማይኩን ተቀበላትና ሕዝቡን ለመዝሙር አስነሳ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ትንሿም እናቷን ልታወጣት ክንዷን ያዘች፣ ወደ ቤት እንሂድ ብላ ሳበቻት። እማዬ እጇን አስለቀቀች፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ተይኝ» አለች። «ባሌን ላልቅሰው።»